ኳስ ያልነካው አማቼ

የልጄ ባል ኳስ ተጫዋች ነበር። በሥራ ዘመኑ ሁሉ ግን ኳስ ነክቶ አያውቅም። ይህን ስናገር የሚስቅ ሰው አይጠፋም፤ የቀለድኩ ይመስለዋል። አልቀለድኩም። የአሜሪካኖቹ ኳስ እንዲህ ነው። አንዱ ኳሷን ይዞ ለመወርወር ወዲያ ወዲህ ይላል፤ ከፊቱ ደግሞ እሱን የሚጠብቁ ግዙፍ ሰዎች ተደርድረው፣ ለኳሷ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ የሚመጣባቸውን ሁሉ በግንባራቸው ይመልሳሉ። አማቼ ከነዚያ ከተደረደሩት አንዱ ነበር። ጎል አግብቶ አያውቅም፤ ስሙን ጠርቶ የጨፈረለት ሰውም የለም። ስሙ የሚነሳው ሲሳሳት ብቻ ነው።

እኔ ጨዋታውን የናቅኩት ገና ከስሙ ነው። እግር ኳስ ብለው ሰይመውት በእጅ ይጫወቱታል። ኳሷ ራሷ ጫፍና ጫፏ የሾለ ሎሚ ትመስላለች። በእግር የሚመታት አንድ ቀጭን ሰው አላቸው፤ ጨዋታውን ሙሉ ተቀምጦ ይቆይና ገብቶ አንዴ መትቷት፣ ልብሱ ሳይቆሽሽ ተመልሶ ይቀመጣል። ከመሃላቸው አእምሮ ያለው እሱ ብቻ ነው። የቀሩት ይጋጫሉ፣ ይወድቃሉ፣ ይነሱና ክብ ሠርተው ይመካከራሉ፣ ከዚያ እንደገና ይጋጫሉ። ስብሰባ የበዛበት ድብድብ ነው እላለሁ እኔ።

ተመልካቹን ደግሞ አታንሱት። የምንኖርባት የሲያትል ሰው በሌላው ቀን ጎረቤቱን ቀና ብሎ የማያይ፣ ዝናብ እየወረደበት ጃንጥላ መያዝ የሚያፍር ጭምት ነው። የጨዋታ ቀን ግን ፊቱን ቀለም ተቀብቶ፣ ሆዱን ገልጦ፣ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ይጮኻል። ከሌላ ከተማ ሰው ይበልጥ መጮሁንም እንደ ሙያ ይቆጥረዋል። አንድ ተጫዋች ተመቶ ሲዘረር ለአፍታ ዝም ይላሉ፤ ሲነሳ ያጨበጭቡና ቢራቸውን ያነሳሉ። የተነሳው ሰው የት እንዳለ ያውቅ እንደሆነ የሚጠይቅ የለም።

ልጄ ከዚህ ሰው ጋር የተዋወቀችው በጉልበቱ ነው። ዲቪ ደርሷት መጥታ፣ ተምራ፣ የተጎዳ እጅና እግር በሚታሽበት ክሊኒክ ትሠራ ነበር፤ እሱ ጉልበቱን ተሰብሮ መጣ። እኔ ያኔ አዲስ አበባ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ወጥቼ ነበር። ልጠይቃት መጥቼ፣ ሲያትል ሌክ ሲቲ ሰፈር በነበረችው ጠባብ አፓርታማዋ ሁለት ሳምንት እንኳ ሳልቀመጥ፣ «ማሚ፣ የምነግርሽ ነገር አለ» አለችኝ። ፎቶውን አሳየችኝ። በሩን የሚያክል ሰው ነው። «ሥራው ምንድነው?» አልኳት። ነገረችኝ። «ሽማግሌ ይላካ!» አልኩ። አባቷ ስለሞተ በእሱ ቦታ የምወስነው እኔ ነበርኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ሽማግሌ ላክ ሲባል የት ያገኛል፣ ይጨንቀውና ይተዋታል ብዬ ነው።

ላከ። ከቡድኑ ሦስት ጓደኞቹን፣ ሱፍ አስለብሶ፣ ክራቫት አሳስሮ ላካቸው። በሩን በጎን እየዞሩ ነው የገቡት። ስማቸውን አልያዝኩትም፤ ለራሴ ወፍራሙ፣ ቆንጆው፣ ዝምተኛው አልኳቸው። ወፍራሙ ኳሷን ከመሬት አንስቶ በእግሮቹ መሃል ወደ ኋላ የሚያቀብለው ነው። ቆንጆው ተቀብሎ የሚወረውራት ነው፤ እነዚያ ሁሉ በግንባራቸው የሚጋጩት የሱ ፊት እንዳይነካ ነው፤ እውነትም ፊቱ ላይ ጭረት እንኳ አልነበረም። ዝምተኛው ደግሞ መስመሩ ላይ ከአማቼ ቀጥሎ የሚቆም ጎረቤቱ ነው።

«ተቀመጡ» አልኩ። ሦስቱም ቆመው ቀሩ። ልጄ አስጠንታቸው ኖሮ፣ ዝምተኛው ጉሮሮውን ጠርጎ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንከመትም» አለኝ። አንቀመጥም ማለቱ ነው፤ «ቀ» እና «ጥ» እምቢ ብለውት። ሳቄን ዋጥኩት። ወጉስ ወጉ ነው፤ ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማ አይቀመጥም፣ ከተቀመጠ ደግሞ ነገሩ እሺ ተባለ ማለት ነው። ጉዳያቸውን በእንግሊዝኛ ተናገሩ፤ ያስተረጎመችው ልጄ ናት። ሁለቱንም ቋንቋ የሚችል ሌላ ሰው አልነበረምና የራሷን ሽምግልና ራሷ አስተረጎመች። በእኛ አገር በመጀመሪያው ቀን እሺ አይባልም። «ይታሰብበታል፣ ሌላ ቀን ኑ» ብዬ እንደ ቆሙ መለስኳቸው። ቆንጆው ሰዓቱን አየ። ወፍራሙ እምቢታ መስሎት ከንፈሩን ጣለ።

በሌላ ቀን ተመልሰው መጡ። አሁንም ቆሙ፣ አሁንም ዝምተኛው «አንከመትም» አለ። ዋስ መያዝ ፈለግኩ። የማላውቀው አገር ነው፤ አባት የለ፣ አጎት የለ፤ ነገ ይህ በር የሚያክል ሰው ልጄ ላይ እጁን ቢያነሳ ማንን እጠራለሁ? «ልጄን ከጎዳብኝ መልሳችሁ ትወስዱታላችሁ ወይ? በያቸው» አልኳት። ልጄ አንዴ እኔን፣ አንዴ እነሱን አየች። ከዚያ ነገረቻቸው። ሦስቱም ባንድ ድምፅ «የስ ማም!» ሲሉ የመስኮቱ መስተዋት ተንቀጠቀጠ። ደስ አለኝ። «እንግዲያው ተቀመጡ» አልኩ። ሲቀመጡ የሶፋው እግር ተሰበረ፤ ልጄ በተሰበረ ሶፋ ተዳረች።

ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን አልክድም። አማርኛም ተማረ፤ የተማረው ግን ሚስቱ ለእሱ የምትናገረውን እየሰማ ስለሆነ ለሱ ሰው ሁሉ ወንድ ነው። ጠዋት ከክፍሌ ስወጣ «እማማ፣ ደህና አደርክ? ቁርስ በላህ?» ይለኛል። «አንቱ በለኝ፤ ደህና አደሩ፣ ቁርስ በሉ» እያልኩ ብዙ ደከምኩ። ስንቱን ደነዝ ማንበብና መጻፍ ያስተማርኩ ሴትዮ ለዚህ ሰው አንቱን ማስተማር አቃተኝ። በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ቄሱን «አንተ» ሲላቸው መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሌሎቹ ግን ሳቁለት። ምን ቢል ይስቁለት ነበር። የኛ ሰው እሱን ሲያይ ወገቡን ይዞ ፎቶ ለመነሳት ይጋፋል፤ ጨዋታውን አንዱም አያውቀውም፣ ቴሌቪዥን ላይ የታየ ሰው መሆኑ ይበቃቸዋል። «እንኳን ደስ አለዎት፣ ምን የመሰለ አማች!» ይሉኛል። ዛሬ፣ እሱ ከታመመ ወዲህ፣ ከነዚያ ውስጥ በሩን የሚያንኳኳ የለም። መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እንዴት ነው… ያ ነገር?» ይላሉ። ያ ነገር ስም አለው፤ ፎቶ ስትነሱ ስሙን ታውቁት ነበር እላቸዋለሁ።

ከቡድኑ የተሰናበተው አንድ ጠዋት በስልክ ነው። ከሱ ያነሰ ዕድሜ ያለው ሌላ ግንባር ተገኝቶ። አመስግነውታል አሉ። ከዚያ በኋላ አሠልጣኝ ልሁን አለ፣ አልሆነለትም። ቤት መዋል ሲያንገበግበው ኦበርን በምትባል አጎራባች ከተማ አንድ መጋዘን ውስጥ ተቆጣጣሪ ሆኖ ገባ። ይሄኔ ነው መርሳት የጀመረው። መኪናውን ፓርክ አድርጎ በእግሩ ይመጣል። የመጋዘኑ በሮች ሁሉ አንድ ይሆኑበታል። ሥራውን ተወ። ብርሃን ራሴን ይወጋኛል እያለ ቤት ውስጥ ጥቁር መነጽር ማድረግ ጀመረ፤ መጋረጃው ተዘጋ። እኔም በዚያን ጊዜ ግሪን ካርድ አግኝቼ አብሬያቸው እኖር ነበርና፣ በዚያ በጨለመ ቤት ውስጥ ቀኑን ሙሉ ከእሱ ጋር የምፋጠጠው እኔ ሆንኩ።

ልጄ ሥራ ላይ ስትሆን ሐኪም ቤት የምወስደው እኔ ነኝ። እንግሊዝኛ የተማርኩትም እዚያ ነው፤ ወረፋ ስንጠብቅ፣ ነርሶቹ ቀስ ብለው ለበሽተኛ ሲያስረዱ እየሰማሁ። ልጄ ይህን ታውቃለች። ከሁሉ የገረመኝ ትልቁ ሐኪም ነው። ጭንቅላቱን በማሽን አነሱት፣ ደም ቀዱ፣ ጥያቄ ጠየቁት። በመጨረሻ ሐኪሙ እጁን አጣጥፎ፣ ከግጭቱ የመጣ ይመስለናል፣ በእርግጠኝነት የሚታወቀው ግን ከሞተ በኋላ አንጎሉ ተከፍቶ ሲታይ ነው አለን። እኔ ሐኪም ማለት ሳትሞት የሚነግርህ ይመስለኝ ነበር። እንዲህማ ከሆነ እኔም ሐኪም ነኝ።

አንድ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ጫማዬ ጠፋ ብሎ ቤቱን አተራመሰው። ጫማው እግሩ ላይ ነበር። ልጄ ፈገግ ብላ «ሃኒ፣ አድርገኸዋል እኮ፤ እግርህን እየው» አለችው። ፈገግታዋን ነው መሰለኝ ያልወደደው። ክንዱን ሲወነጭፍ ከፍሪጁ ጋር አጋጫት። የእጇ አጥንት ሲሰበር እኔ ማድ ቤት በር ላይ ቆሜ ሰምቼዋለሁ። ወለሉ ላይ ተቀምጣ እጇን አቅፋ ስታለቅስ እሱ አጠገቧ ተንበርክኮ፣ በዚያ በማይታረም አማርኛው፣ «ማን መታህ? ንገረኝ፣ ማን መታህ?» አላት። የምሩን ነው። የመታትን ሰው ፍለጋ ዙሪያውን ያይ ነበር። እኔንም አየኝ።

ፈራሁ። ዛሬ እጇ ነው፤ ነገ አንገቷ ነው። «ትወጫለሽ» አልኳት፣ እጇ በጀሶ ታስሮ ከሐኪም ቤት ስንመለስ። «ማሚ፣ ሲክ ነው እኮ፣ ታሟል፤ ሶ የት ልጣለው?» አለች። የሚጣልበትን አውቅ ነበር። «ዋስ አለኝ» አልኩ። «ሦስቱን ጥሪያቸው። መልሰን እንወስደዋለን ብለው ቃል ሰጥተውኛል፤ ይምጡና ይውሰዱት።»  ልጄ ለብዙ ቀን በአንድ እጇ ጫማውን ስታጠልቅለት ከረመች።  በመጨረሻ ስልኳን አነሳች።

ወፍራሙ ሞቷል። ስልኩን ያነሳችው ሚስቱ ናት። መጨረሻው ላይ ማንንም አያውቅም ነበር አለች፤ አንጎሉንም ከፍተው አዩት፣ በእርግጠኝነት ነገሩኝ አለች። ልጄ ስልኩን ዘግታ መኝታ ቤቷ ገባች።

ቆንጆው ቴሌቪዥን ላይ ነው። ጨዋታ ይተነትናል፤ ጥርሱ ብቻውን ክፍል ያበራል። አንዷ ጸሐፊ ነገር ስልኩን አንስታ፣ በጣም አዝኗል፣ በጣም ሥራ በዝቶበታል፣ ግን ያስበዋል አለች። ማሰቡ በሳምንቱ በካርቶን ታሽጎ መጣ። ኳስ ነው። ፊርማውን ፈርሞበት። ያ ፊት እንዳይነካ ስንት ዓመት በግንባሩ ሲመልስ ለኖረ ሰው፣ ኳስ! እኔ ብሆን ለውሻ ማጫወቻ እሰጠው ነበር። አማቼ ግን ካርቶኑን ከፍቶ አየው፣ በሁለት ጣቱ ነካ አደረገውና ምንጣፉ ላይ አስቀመጠው። ከዚያ ዞሮ ጀርባውን ሰጠው፤ ጎንበስ ብሎ አንድ እጁን መሬት አስደግፎ ቆመ። ይጠብቀው ጀመር። ምግብ ቀርቦለት እንኳ አልተነሳም። «ለማን ነው የምትጠብቀው፣ ወርዋሪህ እንደሆነ ቴሌቪዥን ላይ ሜካፕ ተቀብቶ ተቀምጧል!» ብዬ ጮህኩበት። ጩኸቴ ራሴን አስደነገጠኝ። ኳሱን በእግሬ መትቼ ከሶፋው ሥር አስገባሁት፤ ስሙ እግር ኳስ አይደል።

ዝምተኛው እመጣለሁ አለ።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ መጣ። የሚኖረው ከሲያትል ወዲያ ታኮማ ከተማ ነው፤ ሚስቱ ነድታ አምጥታው መኪና ውስጥ ቀረች። በሩን ስከፍት አላወቅኩትም። ያን ጊዜ ሱፉን ሊቀድደው የደረሰ ሰው ከስቶ፣ ሁለት ጎማ ያለው የብረት መደገፊያ ይዞ፣ ሱፉ ትከሻው ላይ ተንጠልጥሎበታል። ክራቫት አስሯል። አማቼ ከሶፋው ተነሳ፤ ሄዶ በሰውየው ግራ ቆመ። መስመራቸው ላይ የሚቆሙት እንደዚያ ነበር መሰለኝ። ሁለት የፈረሱ ግድግዳዎች በራችን ላይ ቆመው አየኋቸው፤ ከልቤ ናቅኳቸው። ለዚህ ነው ያ ሁሉ ጩኸት? ለዚህ ነው?

ወንበር ስቤ አሳየሁት።  ራሱን ነቀነቀ። «ጉዳያችን ሳይሰማ አንከመትም» አለ።

እሱ ቃሉን አልረሳውም። ብቻውን ሆኖ፣ ያኔ እንዳጠናው በብዙ ቁጥር።

ከዚያ በእንግሊዝኛ፣ ቀስ እያለ፣ ለልጄ ተናገረ። እኔም ሰማሁት፤ ነርሶቹ ባስተማሩኝ እንግሊዝኛ አንድም ቃል አላመለጠኝም። «ያን ቀን እናትሽ፣ ችግር ሲመጣ ብጠራችሁ ትመጣላችሁ ወይ ብለው ጠይቀውን ነበር። እንመጣለን አልን። ጠሩኝ፣ መጣሁ። ብቻዬን በመምጣቴ ይቅርታ አድርጉልኝ በያቸው።»

ልጄን አየኋት። እሷ የታሰረ እጇን ታያለች። መልሳችሁ ትወስዱታላችሁ ወይ ነበር ያልኩት። ለካ እንዳልኩት አላስተረጎመችውም። ገና ያኔ፣ ገና ሳይዳሩ፣ ተመላሽ አላደረገችውም። ስንት ዓመት ዋስ አለኝ ብዬ የተኛሁት በሌለ ዋስ ነው። ደሜ ፈላ።

«ይውሰደው» አልኩ። «ውሰደው በይው። አሁንስ በትክክል በይው።»

ልጄ ቀና አለች። ሰውየውን ሳይሆን እኔን እያየች፣ እኔ እንደምሰማ እያወቀች፣ ጥርት ባለ እንግሊዝኛ፣ «እናቴ እባክህ ተቀመጥ ትልሃለች» አለችው።

ሰውየው አልተቀመጠም። እኔን አየኝ። ወጉን ያውቃላ! ተቀመጥ ማለት ያለበት የቤቱ ባለቤት ነው፤ በዚያች ቤት ሽማግሌ የምቀበል እኔ ነኝ። ሁለት ቃል ይበቃኝ ነበር፤ ቴክ ሂም። አፌ ላይ ነበሩ። አማቼ አጠገቡ ቆሞ ጥቁር መነጽሩን ወደ እኔ አዙሯል፤ ስለ እሱ እንደሚወራ ያውቅ ይሆን አላውቅም። «እማማ፣ ደከመህ?» አለኝ።  የሰውየው ጉልበት የብረቱን መደገፊያ ሳይቀር ያንቀጠቅጠው ጀመር፤ ቢወድቅም ሳይቀመጥ እንደሚወድቅ ገባኝ።

«ይቀመጡ» አልኩት። በአንቱ።

ቃሉን አላወቀውም፤ ማንም አላስተረጎመለትም። ተቀመጠ።

ከዚያ ወዲህ ልጄ ሥራ በምትገባበት ቀን ሁሉ ከታኮማ ይመጣል። አማቼ እሱ ባለበት እጁን አያነሳም፤ ጎን ለጎን ተቀምጠው መጋረጃውን ያያሉ፤ ምን እንደሚያዩ እነሱ ያውቃሉ። እሱ በማይመጣበት ቀን ልጄ ቤት ትውላለች፤ እኔም ከማድ ቤቱ በር አልርቅም። ጨዋታውን አሁንም እንቀዋለሁ፤ ተመልካቹን፣ ያን ቆንጆውን፣ ሞታችሁ ኑ የሚለውን ሐኪም ሁሉ እንቃለሁ፤ እስክሞት አልተዋቸውም። ሰውየው ግን በመጣ ቁጥር በሩ ላይ ይቆምና፣ ይቀመጡ እስክለው እያየኝ፣ «አንከመትም» ይላል። አላርመውም።